ፀረ ሙስና ሕጋችን ለምን የወደቀውን ብቻ ይይዛል?

አንድ ባለሥልጣን በሙስና ተጠርጥሮ ተያዘ የሚል ዜና ሲወጣ ፌስቡክ ላይ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» የሚለው ነው። ስንት ብር እንደበላ፣ ከየትኛው ፕሮጀክት እንደበላ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን የሚለው ሕዝብ ሌባ ይከበር እያለ አይደለም። ክፍለ ከተማ በሄደ ቁጥር ኪሱን የሚዳብስ፣ ሙስና ያንገፈገፈው ሕዝብ ነው። ግን ሲያይ የኖረው ነገር አለ። ትልቅ ሰው በሙስና የሚያዘው ከወንበሩ ከተነሳ በኋላ ወይም ሊነሳ ሲል ነው። ወንበሩ ላይ ደልደል ብሎ ሳለ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም።

እኔ የፀረ ሙስና ሕጎቻችንን ውጤት መለካት ያለብን በዚህ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ክርክራችን ግን ሁልጊዜ ወደ ቅጣት ይነዳል። «ቅጣቱ ይጠንክር»፣ «ዕድሜ ልክ ይሁን»፣ «እንደ ቻይና ይረሸኑ» እንላለን። ከ1993 ጀምሮ የሆነውን ለተከታተለ ሰው ግን ቅጣቱ አንሶ የተጎዳንበት ጊዜ ብዙ አይደለም። የጎዳን ሕጉ ማን ላይ፣ መቼ እንደሚመዘዝ የሚወስን ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው ደግሞ ራሱ ሥልጣን ላይ ያለ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ያለንን ሕግ እንይ። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 በአዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ለሙስና ክስ ብቻ የሚሠራ ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ ወጣ። በ1996 የወንጀል ሕጉ ሲወጣ አንቀጽ 419 ላይ ገቢው ከሚፈቅድለት በላይ የሚኖር ወይም ንብረት የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ ምንጩን ያስረዳ የሚል ድንጋጌ ይዞ መጣ። በ2002 የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668 ወጣ። በ2003 የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ተከተለ። በ2007 የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተጨመረ። የተባበሩት መንግሥታትንና የአፍሪካ ኅብረትን የፀረ ሙስና ስምምነቶችም አጽድቀናል። በጥር 2017 ደግሞ ፓርላማው የንብረት ማስመለስ አዋጅ አወጣ።

ይህ ሁሉ ሕግ ወረቀት ላይ የሚናቅ አይደለም። ውጤቱስ? ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በየዓመቱ በሚያወጣው መለኪያ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100 ያገኘችው 33 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ያገኘችው 37 ነው። መለኪያው የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግምት የሚሰበስብ እንጂ የተሰረቀ ብር የሚቆጥር አይደለም፤ ስለዚህ የመጨረሻ ፍርድ አድርጌ አልወስደውም። ግን በአሥራ ሁለት ዓመት አራት ነጥብ! በመሃል መንግሥት ተቀይሯል፣ ኮሚሽኑ ፈርሶ ተሠርቷል፣ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ታስረዋል። ቁጥሩ ግን እዚያው አካባቢ ነው።

ነገሩ ከየት እንደተበላሸ ለማየት ወደ 1993 መመለስ አለብን። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። ግንቦት ላይ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ከተሸናፊው ወገን አንዱ የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀዱላቸው። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤት ሲወጡ እዚያው ደጃፉ ላይ እንደገና ተያዙ። ወዲያው ፓርላማው የኮሚሽኑን ልዩ የሥነ ሥርዓት ሕግ አሻሽሎ በሙስና የተያዘ ሰው ዋስትና እንዳይፈቀድለት ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 239/1993 ማለት ይኼ ነው። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ታስረው ወጡ።

አቶ ስዬ ጥፋት ነበረባቸው አልነበረባቸውም የሚለው ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሕጉ በዚያ ቀን ያስተማረው ትምህርት ነው። ዳኛዋ በነበረው ሕግ ወሰነች፤ ውሳኔው ስላልተወደደ ሕጉ ተቀየረ። ይህን ያየ ሌላ ዳኛ ምን ይማራል? ይህን ያየ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ምክትል ሚኒስትር ምን ይማራል? ፀረ ሙስና ሕጋችን ሲወለድ ጀምሮ የአንድ የፖለቲካ ጠብ ምልክት ግንባሩ ላይ ነበር፤ ያ ምልክት እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ዋስትናን በተመለከተ በኋላ ሕጉ ለዘብ ብሎ ክልከላው ከአሥር ዓመት በላይ ሊያስቀጡ በሚችሉ ክሶች ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል። ያም ሆኖ አንድ ሰው ጥፋተኛ ሳይባል ዓመታት ታስሮ ሊከርም የሚችልበት በር አልተዘጋም።

ቀጥሎ ግንቦት 2005 መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ካረፉ ዓመት አልሞላም። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ ከምክትላቸውና ከነጋዴዎች ጋር ታሰሩ። ትልቅ ዜና ነበር። ጉዳዩ የሚኒስትር ማዕረግ ያለው ሰው በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሰስ እስከሚል የሕገ መንግሥት ጥያቄ ድረስ ሄደ። ክሱ ዓመት ዓመትን እየወለደ ተጎተተ። በ2010 የካቲት ላይ መንግሥት እስረኞችን በብዛት ሲፈታ የአቶ መላኩም ክስ ተቋረጠና ወጡ። አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ሰውየው ንጹሕ ከነበሩ አምስት ዓመታቸው በከንቱ ተበላ። ጥፋት ከነበረባቸውም የሕዝቡ ገንዘብ ፍርድ ሳያገኝ ቀረ። የትኛው እንደሆነ እኛ ዜጎች አላወቅንም፣ ምክንያቱም ነገሩን የቋጨው የፍርድ ቤት ብያኔ ሳይሆን የፖለቲካ ውሳኔ ነው።

ከዚያ ሜቴክ። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 ተቋቁሞ በመከላከያ ሰዎች ይመራ ነበር። የስኳር ፋብሪካዎቹ፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የሕዳሴ ግድብ የብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ያለ ጨረታ ተሰጠው። በኅዳር 2011 የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ መግለጫ ሲሰጡ ድርጅቱ ከ37 ቢሊዮን ብር በላይ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ተናገሩ። ያረጁ ሁለት መርከቦች ለቁርጥራጭ ብረት ተብለው ተገዝተው ለሌላ ሥራ መዋላቸውንም የሰማነው ያኔ ነው። ብዙዎቻችን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን አየን። ተናደድን።

ግን ቀኑን ልብ በሉ። መንግሥት የተቀየረው መጋቢት 2010 ነው። መግለጫው ኅዳር 2011 ነው። የስኳር ፋብሪካዎቹ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት በቃላቸው ሳይደርሱ ቀርተዋል። የግዥ ሕጉ ነበረ። የሙስና ሕጉ ነበረ። ኮሚሽኑ ነበረ። ዋና ኦዲተር ነበረ። ፓርላማም ነበረ። የሜቴክ ነገር በሕግ እጦት አልተደበቀም። የተደበቀው ሊነካው የሚደፍር ስላልነበረ ነው፤ የተገለጠው ደግሞ የሚጠብቀው ኃይል ሲወድቅ ነው። ያን ሰሞን የታሰሩት ሰዎች ሌሎችን አስደንግጠው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ብልህ ሹም ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት «አትስረቅ» የሚል አይደለም። «ከጠባቂህ አትለይ» የሚል ነው። ሕጉ ታማኝነትን ሸልሞ ብቸኝነትን ይቀጣል። ይህ ከሙስናው የማይተናነስ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም የተሰበሰበው ማስረጃ በሙሉ ሰውየው ታዛዥ እስከሆነ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ሌላ አገርስ እንዴት ነው? ደቡብ አፍሪካን ላንሳ፣ እሷም ከሙስና የጸዳች ሆና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የሕዝብ አቤቱታ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ቱሊ ማዶንሴላ በሥልጣን ላይ ባሉት ፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማ ላይ ያደረጉትን ምርመራ ውጤት ይፋ አወጡ። በንካንድላ የግል መኖሪያቸው በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ነገሮች ነበሩ፤ የመዋኛ ገንዳ፣ የከብት በረት፣ የዶሮ ቤት ሳይቀር። ከደኅንነት ጥበቃ ጋር ያልተያያዘውን ወጪ ይክፈሉ አሉ። ገዥው ፓርቲ በፓርላማ ተከላከለላቸው። ነገሩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የማዶንሴላ ውሳኔ አስገዳጅ ነው፣ ፕሬዚዳንቱም ፓርላማውም ሕገ መንግሥቱን አላከበሩም ብሎ በአንድ ድምፅ ፈረደ። ዙማ 7.8 ሚሊዮን ራንድ ከፈሉ። ሲከፍሉ ገና ፕሬዚዳንት ነበሩ። ገንዘቡ ለአንድ አገር ምንም አይደለም፤ ግን ወንበር ላይ ያለ ሰው ተነካ። ያንን ያደረገው የቅጣት መክበድ አልነበረም። መርማሪዋን ፕሬዚዳንቱ እንደፈለጉ ሊያባርሯቸው አይችሉም ነበር፤ ሪፖርታቸውም የወጣው በአደባባይ ነው።

የእኛ ኮሚሽን ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። መርማሪው ለአስፈጻሚው ኃላፊ ሪፖርት እያደረገ አስፈጻሚውን ይመረምራል ብሎ መጠበቅ ከመጀመሪያውም አያስኬድም። ከዚያ በ2008 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋም የሙስና ምርመራና ክስ ከኮሚሽኑ ወጥቶ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ኮሚሽኑ በዋናነት ከሥነ ምግባር ትምህርትና ከሀብት ምዝገባ ጋር ቀረ። በ2013 እንደገና በአዋጅ ቁጥር 1236 ተቋቁሞ ተጠሪነቱ ለፓርላማ ሆነ፤ ይህ እርምጃ ጥሩ ነው፣ ሊባልለት ይገባል። ሆኖም ዋናውን መሣሪያ፣ ምርመራና ክስን፣ አልያዘም። እነዚያ አሁንም አስፈጻሚው እጅ ናቸው። በኅዳር 2015 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሙስና የአገር ደኅንነት ስጋት ሆኗል ብለው ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚሽን ያለው አገር ለምን ኮሚቴ አስፈለገው? ኮሚቴው የተውጣጣው ከመንግሥት ኃላፊዎች ነበር። እንዲህ ያለ አካል ታችኛውን ሹም ሊይዝ ይችላል፤ ይዟልም። ራሱን ያቋቋመውን ግን እንዴት አድርጎ ይመረምራል?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትልልቆቹ ነው። ተራው ሰው ግን ሙስናን የሚያውቀው በሜቴክ አይደለም፣ በመስኮት ቁጥር ነው።

የማውቃት አንዲት እናት የአባቷን ቤት ካርታ ወደ ወራሾች ስም ልታዞር ወደ አንድ መሬት ጽሕፈት ቤት ትመላለስ ነበር። የወራሽነት ማስረጃዋን ከፍርድ ቤት አውጥታለች። ግብሩ ተከፍሏል። ሁሉም ነገር የተሟላ ነው። አንድ ቀን «ፋይሉ አልተገኘም» ተባለች። ሌላ ቀን «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»። ሌላ ቀን «ሲስተም የለም»። ሌላ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ ይህ አገልግሎት በስንት ሰዓት፣ ያኛው በስንት ቀን እንደሚያልቅ በሰንጠረዥ ተጽፏል። በመጨረሻ ከግቢው በር ላይ ክላሰር የያዘ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ «እማማ፣ የእርስዎ ፋይል እኮ አለ» አላት። የፋይሉን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። ተከፈለው። ከሰዓት በኋላ ፋይሉ ተገኘ።

ይህችን ሴት ሕጉ እንዴት እንደሚያያት አስቡት። ጉቦ መስጠትም ወንጀል ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ወንጀለኛ ናት። ሄዳ ብትጠቁም መጀመሪያ የምትመሰክረው በራሷ ላይ ነው። ብሩን የተቀበላት ልጅ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አይደለም፤ መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ እጁን አላሳየም፤ ኃላፊው ከነጭራሹ አያውቃትም። ጉቦው እንደ ሰንሰለት ነው የሚሄደው፣ የምታየው ግን የመጨረሻዋን ቀለበት ብቻ ነው። የአሥር ዓመት እስራት ያለው ሕግ ብታወጣ ይህ ሰንሰለት ምንም አይሆንም። ዋጋው ይጨምር ይሆናል፣ ምክንያቱም አደጋው ጨምሯል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ሌላ ዓይነት ሕግ ነው። በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ ጉዳዩ ከዚያ ሠራተኛ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ቢሮ በራሱ የሚሄድበት፣ ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ የሚጠየቅበት ደንብ። ፋይል ጠፋ ያለ መሥሪያ ቤት የጠፋበትን ቀንና ፋይሉን የመጨረሻ የያዘውን ሰው ስም ጽፎ ለባለጉዳዩ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ደንብ። ለዜና አይመችም፣ ካሜራ ፊት የሚታሰር ሰው የለበትም። ልጁ ከበሩ ላይ የሚነሳው ግን በዚህ ነው።

«ደመወዙ አይበቃማ፣ ምን ይብላ?» የሚል መልስ አለ። እውነት አለበት። በ2018 መጀመሪያ ላይ ደመወዝ ሲሻሻል የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አደገ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርግለት ያውቃል። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምን ያህል እንደረከሰም ያውቃል። ደመወዝ ማነስ ትንሹን ጉቦ ያባብሰዋል። ያለ ጨረታ በቢሊዮን የሚገዛውን ሰው ግን ረሃብ አላነሳሳውም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቅርጫት ባንጨምራቸው ጥሩ ነው፤ ታችኛውን የኑሮ ጉዳይ ይዞታል፣ ላይኛውን የጠባቂ ጉዳይ።

ጠቋሚዎችን ላንሳ። የ2003ቱ ጥበቃ አዋጅ ጥሩ ነገሮች አሉት። ማንነትን መደበቅ፣ መኖሪያ መቀየር፣ ከሥራ ቦታ በቀል መከላከል። እኛ ግን ሕጉን ይበልጥ የሰማነው በሽብር ክሶች ምስክሮች ከመጋረጃ ጀርባ ሲሰሙ ነው። ከአንድ ግዥ ክፍል ወጥታ «ይህ ጨረታ ለአንድ ድርጅት ተብሎ የተጻፈ ነው» ያለችን ሒሳብ ሠራተኛ ማን ከዝውውር አዳናት? ማን ዕድገቷን ጠበቀላት? በየመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለ። ግን የክፍሉ ሠራተኛ ደመወዙን የሚከፍለው፣ ቢሮ የሚሰጠው፣ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት ያው ሊጠቁምበት የሚገባው ኃላፊ ነው። እንዲህ ሆኖ ጥቆማ ከውስጥ አይመጣም።

የሚሠራ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 2014 አዲስ አበባ የ25,491 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ። በቀናት ውስጥ የኮምፒውተሩ ሥርዓት ላይ ማጭበርበር መፈጸሙ ተደርሶበት ዕጣው ተሰረዘ፤ ኃላፊዎችና የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተያዙ፤ ዕጣው በኋላ እንደገና ወጣ። ለምን በቀናት? ሜቴክ ዓመታት የወሰደበት ለምን? እኔ የማየው ልዩነት ይህ ነው፦ የቤቱ ዕጣ የወጣው በአደባባይ ነው፤ በ1997 ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ የቆጠበ ሰው ሁሉ የምዝገባ ቁጥሩን ይዞ ይመለከት ነበር። ሚሊዮን ዓይን ያለበት ነገር ለመሸሸግ ይከብዳል። የሜቴክ ውል ግን የመከላከያ ጉዳይ ነው ተብሎ ተጋርዶ ነበር።

ፓስፖርትም ሌላ ምሳሌ ነው። ወረፋው ዓመት ሲሻገር ከኢሚግሬሽን በር ላይ የደላላ ገበያ ደራ። ወደ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች ቪዛቸው እንዳይቃጠል ተበድረው ከፈሉ። በ2015 ማብቂያ ላይ የተቋሙ ኃላፊ ተቀየሩ፣ ከፍተኛ ኃላፊዎችም ታሰሩ። ነገሩን ያቀለለው ግን እስሩ ብቻ አይደለም። የኅትመት ወረፋው ተቃለለ፣ ለአስቸኳይ የሚከፈል መደበኛ ዋጋም ተቀመጠ። ፓስፖርት ቶሎ ሲወጣ የደላላው ዕቃ ረከሰ። ዋጋው ወደ 5,000 ብር ማሻቀቡ ለደሃ ልጅ ከባድ ሸክም ነው፣ ይህን ሳልቃወም ማለፍ አልፈልግም። ቢያንስ ደረሰኝ አለው።

አሁን ወደ አዲሱ ሕግ ልምጣ፣ ወደ 2017ቱ የንብረት ማስመለስ አዋጅ። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው። ሌባ ታስሮ ሲወጣ ፎቁ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ንብረቱን ተከተል ነው የሚለው። ምንጩ ያልታወቀ ንብረት የያዘ ሰው ምንጩን እንዲያስረዳ ይጠይቃል፣ ወደ ኋላም አሥር ዓመት ድረስ ይሄዳል። ከመንግሥት ሠራተኛ ውጭ ያለውንም ሰው ይነካል። አንዳንድ አገሮች ትልልቅ ዘራፊዎችን የጎዱት በዚህ መንገድ ነው።

ስጋቴ ሌላ ነው። እኛ አገር ሐቀኛ ገንዘብ ወረቀት የለውም። ዕቁብ ደርሶት ሱቅ የከፈተ ሰው ደረሰኝ ከየት ያምጣ? እህቱ ዋሽንግተን ታክሲ ነድታ በሐዋላ ደላላ የላከችለት ብር ባንክ አልገባም። ወንድሙ ሳዑዲ ሆኖ በስሙ ያሠራው ቤት የማን ነው ሲባል ምስክር እንጂ ሰነድ የለም። በግብርና ምርት የነገደ፣ ከብት ያደለበ፣ ወርቅ የሸጠ ስንቱ ነው። በተቃራኒው ሌባው ሹም ጠበቃና ሒሳብ አዋቂ ቀጥሮ፣ ድርጅት አቋቁሞ፣ ብድር አስመስሎ፣ ወረቀቱን አስተካክሎ ይጠብቃል። ንብረቱም በአማቱ ስም ነው። ስለዚህ ሕጉ ያለ ጥንቃቄ ከተሠራበት ለወረቀተኛው ሌባ ለስልሶ ወረቀት በሌለው ታታሪ ላይ ሊጠነክር ይችላል። ውጭ ያላችሁ ወገኖች አገር ቤት በዘመድ ስም ያስቀመጣችሁት ነገር ካለ የባንክ ዝውውሩንና የስምምነት ሰነዱን ከአሁኑ ብታሰናዱ መልካም ነው።

ሌላው ፈተና ማን ላይ መጀመሪያ ይመዘዛል የሚለው ነው። ከሹመት ወርደው ዓመት የሞላቸው ሰዎች ላይ፣ መንግሥትን የሚተቹ ነጋዴዎች ላይ ብቻ ሲሠራ ካየን ታሪኩ የ1993 ነው። አንድ በሹመት ላይ ያለ ሰው፣ ገዥው ፓርቲ ውስጥ ክብር ያለው፣ «ይህ ቤት ከየት መጣ?» ተብሎ በግልጽ ችሎት ሲጠየቅ ካየን ግን አዲስ ነገር ጀምረናል ማለት ነው። እኔ ይህንን ለማየት ከልቤ እመኛለሁ።

ለዚያ የሚያግዝ አንድ ሕግ እጃችን ላይ አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። በ2002ቱ አዋጅ መሠረት ተሿሚ፣ ተመራጭና የመንግሥት ሠራተኛ ሀብቱን ለኮሚሽኑ ያስመዘግባል፣ በየሁለት ዓመቱም ያድሳል። የቤተሰቡ መረጃ ምስጢር ነው። የራሱ ግን ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ተደንግጓል፤ የፈለገ ሰው በጽሑፍ ይጠይቃል። እስከ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመዘገቡ ሲባል እንሰማለን። የአንድ ሚኒስትርን ዝርዝር ግን ድረ ገጽ ገብታችሁ ልታዩት አትችሉም። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ምዝገባ ማንንም አያስፈራም። ሹሙ ሲሾም ምን ነበረው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ምን አለው የሚለውን ጎረቤቱ ቢያየው ግን የትኛው ቤት እንዳልተመዘገበ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው፤ መርማሪ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ጋዜጠኞች፣ የሕግ ተማሪዎች፣ የሲቪል ማኅበራት፣ ማንኛችንም፣ ደብዳቤ እንጻፍ። የከተማችሁን ከንቲባ፣ የክፍለ ከተማችሁን የመሬት ኃላፊ፣ የመረጣችሁትን የፓርላማ አባል የሀብት ምዝገባ በስም ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ማለትም ቁጥር 590/2000፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ከተከለከላችሁ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ትችላላችሁ። የደብዳቤውን ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። የተቀበለውን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። መልስ ሲመጣ አውጡት፣ እምቢ ሲባልም የእምቢታውን ደብዳቤ አውጡት።